ንብ የሰፈረባት ጀልባ

ግንቦት አጋማሽ
ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር

ይድረስ ለቀድሞው ወዳጄ፤

እንደምን ከረምክ? ያ ግራ ጉልበትህ የአርባ ምንጭን ሙቀት ሲያገኝ ተሻለው ወይስ አሁንም ሰማዩ ሳይጠቁር ዝናብ መምጣቱን ይነግርሃል? ልጆችህስ? ትልቋ ትምህርቷን ጨረሰች ብሎ የላክኸው ሾፌር ሰይፈዲን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ትንሽ ሰነፍ ሆኗል፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ደጅ መውጣት ግድ ሆኖብኛል።

ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርህ፦ ሰይፈዲን ጀልባዋን ሳይጭን የሚመለሰው በእሱ ጥፋት አይደለም። እንዳትቆጣው። ጀልባዋ አለች፣ ደህናም ናት፤ ነገር ግን አሁን ማንም ሊጭናት አይችልም። ምክንያቱን ልነግርህ ከትናንት ወዲያ ደውዬልህ ነበር። አንተ «ሀሎ» ስትል እኔ «እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ታውቀኛለህ፤ ወሬ የሚወጣልኝ ወረቀት ላይ ነው። ሰይፈዲን ባዶውን ላለመመለስ ሚዛን ከተማ ሄዶ ሙዝ ይጭናል፤ እስኪመለስ ድረስ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

የባለቤትህን ዕረፍት የሰማሁት አምና ነው። ነፍሷን በገነት ያኑርልህ። አልቅሻለሁ፤ ባላውቃትም አልቅሻለሁ። ለቅሶ ልደርስ ነጠላዬን አጥቤ፣ ስንቄን ቋጥሬ ተነስቼ ነበር። መናኸሪያው ጋ ስደርስ አንድ ነገር መጣብኝ፦ እዚያ የተቀመጡት ሴቶች «አንቺ ምኑ ነሽ?» ሲሉኝ ምን እላለሁ? ስም ሳወጣ ስሰርዝ አውቶቡሱ ሄደ። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ጀልባዋ ልጻፍልህ።

ሞተሯን ፈትተህ ለማስጠገን ስትሄድ «በሳምንት እመለሳለሁ፣ አደራ» ብለህ ከቤቴ ጀርባ ደፍተሃት ነበር። እኔም አልነካኋትም። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጺም አውጥቷል። ዶሮዎቼ ስሯ እንቁላል ጣሉ፣ ጫጩት ፈለፈሉ፤ የዶሮዎቹ የልጅ ልጆች ቤታቸው እሷ ብቻ ትመስላቸዋለች። እኔ ግን ዝናብ እንዳያበሰብሳት ላዩዋ ላይ ቆርቆሮ ከማልበስ በቀር እጄን አላሳረፍኩባትም። አደራ ነዋ።

ታዲያ አሁን ምን ነክቶሽ ነካሻት ትለኝ ይሆናል። አንደኛው ነገር ሥራዬ ነው። የቡና ጆንያ መስፋት እንደ ድሮው አይደለም። እዚህ ያለው ነጋዴ ሁሉ ማዳበሪያ ይዞ መጣ፤ ማዳበሪያ ሲቀደድ ይጣላል እንጂ አይሰፋም። እኔና ጎረቤቴ ውድነሽ ቡና ለቀማ ገባን። ቀኑን ሙሉ አጎንብሰን ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስንለይ እንውላለን፤ ማታ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ቡና እለቅማለሁ። ሐይቁ ግን እደጃችን ነው። ልጆች ዳር ቆመው በመንጠቆ ትናንሹን ያወጣሉ፤ ትልልቁ መሀል ነው፣ መሀል የሚደርስ የለም። ውድነሽ አንድ ቀን እኔ ደጅ ቆማ ቆርቆሮውን በእግሯ ነካ አደረገችና፣ አንቺ ሴትዮ፣ ለዶሮ ቪላ ሠርተሽ እኛ በረሃብ እንሙት እንዴ? አለችኝ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ማወቅ ፈለግሁ። የቤቴን ግድግዳ ታስታውሳለህ? ፊደል የለየሁት እዚያ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ነው ብዬ ስነግርህ፣ ታዲያ ለዚህ ነዋ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ የምታነቢው፣ ግማሹ የተለጠፈው በጎኑ ነው ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ከራስጌዬ በኩል አንድ ቁራጭ አለ። «መርከብ ከብረት ተሠርቶ ሳለ የማይሰምጠው» ይልና እዚያው ላይ ያልቃል። ቀሪውን ማን እንደቀደደው እንጃ። ያቺን ግማሽ ነገር እያየሁ ነው የማንቀላፋው። ለምን? እያልኩ። በኋላ ሳፋ ወስጄ ሐይቁ ላይ አስቀመጥኩና ድንጋይ እየጨመርኩ አየሁት። ሳፋው ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው ከታች በእጅ የሚገፋው ያህል ይመልሰዋል። ውሃ ቦታውን ዝም ብሎ አይለቅም ማለት ነው፤ የለቀቀውን ያህል ይገፋል። ውሃው ጠርዙን እስኪያልፍ ድረስ ይችላል፤ ካለፈ ግን ወዲያው መስመጥ ነው። ልክ ነኝ? ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ከውድነሽ ጋር ገለበጥናት። የዶሮዎቹን ጩኸት ልነግርህ አልችልም። ሆዷ ውስጥ ያለውን ስናይ ውድነሽ አማተበች፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ጎኗ ደህና ነው። ዋንዛው እንደ አዲስ ነው፤ ያ የሠራልህ የጋምቤላ አናጢ እጁ ይባረክ። የበሰበሰው የኋላው ሳንቃና ከወለሉ ትንሽ ነው። በየጣውላው መካከል ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል፤ ደርቃለቻ።

እዚያ ጋ ነው የፊተኛውን መቀመጫ ያየሁት። አንተ ስትነዳ የምትቀመጥበት የኋላው ከፍ ያለ ነው። የፊተኛው ዝቅ ይላል። ድሮ ከፍ ብሎ ተቸንክሮ እንደነበር የሚስማሩ ቀዳዳ በጎኑ በኩል ይታያል፤ ከዚያ ነቅሎ ዝቅ ያደረገው ሰው አለ። ከፊቱም እግር የሚያሳርፍ ዱላ ገጥሞለታል። አናጢው አይደለም ያደረገው፤ የአናጢው ሚስማር ቀጥ ያለ ነው። የዚህኛው ራሱ ወደ ጎን ታጥፏል። ሚስማር ራሱን የምታጥፍ አንተን ብቻ ነው የማውቀው። ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ እንዳለ ተውኩት።

ጥገናውን እንዴት ርካሽ እንዳደረግነው ብታይ ትስቃለህ። ለኋላው ሳንቃ የፈረሰ የቡና መድረቂያ አልጋ እግር ወሰድን። ለክፍተቱ የተቀደደ ጆንያ ፈትዬ፣ እንደ ጠጉር እየጎነጎንኩ በጆንያ መርፌ ጀርባ እየገፋሁ ሞላሁት። ጆንያ መስፋት ጀልባ ላይ ይጠቅማል ብሎ ማን ያስባል? ሞተሩ ከአሮጌ የቡና ማጠቢያ የተጣለ የውሃ መሳቢያ ነው። በያጁ ባስልኤል ረጅም ዘንግ በየደለትና ጫፉ ላይ የመኪና ቬንትሌተር ክንፍ ቆርጦ ገጠመለት። ሲያስረክበን፣ ወይ ጀልባ ትሆናለች ወይ ትልቅ የቡና መፍጫ፤ ሁለቱም ገበያ አለው አለን። አንተ ሞተሩን ከኋላ አንድ ጥግ ነበር ያሰርከው፤ እኔ መሀል አደረግሁት። ጥግ ላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ? ወደ ቀኝ ስታዞራት ትንሽ ትቃወመኛለች።

ጥር ላይ ውሃ ላይ አወረድናት። ኧረ ሄደች! ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ውድነሽ ከሞተሩ በላይ ትጮሃለች። መሀል ደርሰን መረቡን ጣልን፤ ክንዴን የሚያህል አምባዛ ወጣ። ስንስቅ ቁልቁል ማየት ረስተን ኖሮ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል። ጆንያው ብቻውን አልቻለም። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ በድስት ትቀዳለች፤ ከዓሣው ጋር ተጣልታ፣ አንተ መዋኘት ትችላለህ፣ እኛን ነው ማዳን ያለብኝ ትለዋለች። ዳር ስንደርስ ጠርዙ ላይ አንድ ጣት ያህል ነበር የቀረን።

ሬንጅ ብንቀባት ይሻል ነበር ይሆናል፤ ግን ከየት ይመጣል? የማር ሰፈፍ አሰብኩ። ጠጅ ቤቶች ጠጁ ከተጠለለ በኋላ የሚተርፈውን ይጥሉታል። ባልዲ ይዤ እየዞርኩ ሰበሰብኩት። አቅልጬ፣ የጆንያውን ጉንጉን እየነከርኩ እንደገና ሞላሁት፤ ውስጧንም በሙሉ ቀባኋት። ብርዱ ሰፈፉን እንዳይሰነጥቀው ደግሞ ሞተሩን ፈትቼ፣ እሷን በድንጋይ ላይ ደፍቼ ከስሯ የወይራ ፍም አኖርኩላት። ጢሱ ቀስ ብሎ ውስጧ ሲዞር፣ ሰፈፉ እየለሰለሰ በየቀዳዳው ሲገባ አየሁ። በጣም ኮራሁ። መጋቢት ነው፣ ቡናው አብቧል፣ አገሩ ሁሉ ነጭ ነው። አስበው እንግዲህ።

ያደረግሁት ምን እንደሆነ ገባህ? እኔ አልገባኝም ነበር። እዚህ አገር ተወልጄ፣ ሰው ቀፎ ሲያጥንና ሰፈፍ ቀብቶ ዛፍ ላይ ሲሰቅል እያየሁ አድጌ፣ አልገባኝም። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጮኸ። ጥቁር ደመና የመሰለ ነገር በጓሮው ላይ ዞረ፣ ዞረና ጀልባዋ ስር ገባ። የመጨረሻዋ ንብ እስክትገባ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ውድነሽ አልጋ ስር ሆና፣ በይ እንግዲህ፣ በጫካው ውስጥ ካለው ቀፎ ሁሉ ትልቁን ሠርተሽላቸዋል፣ ኪራይ ጠይቂያቸው አለችኝ።

ማባረር እንደማይቻል ታውቃለህ። ሳይጠሩት የመጣ ንብ አይባረርም። ስለዚህ ተውኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ከመናደድ ይልቅ ማየት ወደድኩ። ማለዳ የሚወጡት ሁሉም በአንድ ቀዳዳ ነው፤ በሞተሩ ዘንግ ቀዳዳ። ሌላም ክፍተት ነበር፤ እሱን ራሳቸው ደፈኑት። እኔ ያልደረስኩበትን ቀዳዳ ሁሉ አግኝተው ደፍነውታል። ከእኔ የተሻሉ ጠጋኞች ናቸው።

እንዲህ እያለ ነው ያንተ መልእክት የመጣው፤ ጀልባዋን አርባ ምንጭ ላይ ለቱሪስት ሸጫታለሁ፣ መኪና እልካለሁ ብለህ። ደህና። ያንተ ናት። ሰይፈዲን ሁለት ጫኞች ይዞ ሲመጣ ንብ አለባት አልኩት። ማመካኛ መሰለው። እትዬ፣ እኔ ከከብት ጋር ያደርኩ ሾፌር ነኝ፣ ንብ ማለት ጌጠኛ ዝንብ ነው አለኝ። ውድነሽ፣ በል ጌጡን እንይልህ ብላው በሯን ዘጋች። ጫኞቹ አንዱን ጎን ቀና አደረጉ።

ከሥሯ የወጣውን ጩኸት ስሰማ ሞተሩ በራሱ የተነሳ ነው የመሰለኝ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰው ጫኝ ከነጫማው ሐይቅ ገባ። ሌላው ነጭ ካናቴራ ለብሶ ነበር፤ እሱን ብዙም አልነኩት። ሰይፈዲን መኪናው ውስጥ ሮጦ ገባና መስኮቱን ዘጋ፤ የዘጋው ግን አብረውት ከገቡት ጋር ነው። ጀልባዋ ተመልሳ በቦታዋ ተደፋች። በኋላ መንደፊያውን በቢላ ጀርባ እየፋቅሁ ሳወጣለት፣ ባበጠው ዓይኑ እያየኝ፣ እትዬ፣ ይሄን ፊት ይዤ ብገባ ሚስቴ ሌላ ወንድ ነው ብላ ታስወጣኛለች አለኝ። ቢሆንም ሥራ ነውና በሽማግሌ ይታይልኝ አለ። ትክክል ነው።

ከወደ ሸኮ ጋሽ ሕዝቅያስ መጡ። ጫካው ውስጥ ቀፎ ሰቃይ ናቸው፤ እዚህ አካባቢ የቀፎ ክርክር የሚያልቀው በእሳቸው ነው። ከጀልባዋ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ሰይፈዲን ተናገረ። ጀልባዋ የሰውየው ናት፤ ሴትየዋ አደራ ተቀባይ ናት፤ አደራ ተቀባይ አይነካም፣ አይቀባም፣ ሞተር አይገጥምም አለ። ሲጨርስ ጋሽ ሕዝቅያስ ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ነው አልኩ። ውድነሽ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ግን እውነቱን ነበር።

ጋሽ ሕዝቅያስ፣ ሰፈፉን የቀባ ማነው? አሉ። እኔ። ያጠነውስ? እኔ። ንቡን ፈልገሽ ነው? ኧረ አልፈለግሁም፣ ዓሣ ነው የፈለግሁት አልኳቸው። ጋቢያቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እየለመንኳቸው ግማሹ ቀፎዬ ባዶውን ይወዛወዛል፤ ለዓሣ ብሎ ንብ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ ተነሱና ብቻቸውን ሄደው ጀልባዋን ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጧት። ተመልሰው ሲቀመጡ እንዲህ ብለው ፈረዱ። ጀልባዋ የባለቤቷ ናት። ሰፈፉና ማሩ የእሷ ነው። ንቡ የማንም አይደለም። እጭ ያለበት ቀፎ አይነሳም፤ ማሩ ሲደርስ እኔ ራሴ ወደ ቀፎ አዛውራቸዋለሁ። አደራውን በተመለከተ፣ ይህችን ጀልባ በእጅሽ የሰጠሽ ይህ ልጅ ነው? አሉኝ። አይደለም አልኩ። እንግዲያው የሰጠው እጅ መጥቶ ይቀበልሽ፤ አደራ በላኪ አይመለስም፣ መንካትሽንም ለእሱ ራስሽ ተናገሪ አሉ። ሰይፈዲን ተቃወመ ብለህ እንዳትጠረጥረው። እኔስ እሱ መጥቶ ሲያነሳት ለማየት ከአርባ ምንጭ በእግሬ እመጣለሁ ነው ያለው።

ስለዚህ መንካቴን ይኸው ነገርኩህ። ማሩ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይደርሳል ይላሉ።

እንዳትጨነቅ። ሸጫለሁ ካልክ ሸጠሃል፤ መጥተህ ከእጄ ስትወስዳት ቃል አልተነፍስም። እኔና ውድነሽ ወደ ለቀማው እንመለሳለን፤ እስካሁንም የኖርነው በእሱ ነው። ውድነሽ ግን ይህን ጻፊለት አለችኝ፦ መሀል ሐይቅ ላይ የሳቅሽውን ሳቅ ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም፣ እሱንም ሸጦታል ወይ በይው። ጻፍኩት። የእሷ ቃል ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለገዢው ስለ ፊተኛው መቀመጫ ነግረኸዋል? ረጅም ሰው አይችለውም። ውሃ ላይ ባወረድናት ቀን ውድነሽ ስትቀመጥበት ጉልበቷ አገጯን ነካ፤ ማን የተረገመ ነው ይሄን የሠራው ብላ ተነሳች። አንተ ደግሞ ከእሷ ትረዝማለህ። እናትህም እህቶችህም ረጃጅም ነበሩ። እኔ ከባስልኤል ቤት ስንመለስ፣ ጀልባዋ ገና ጓሮ እያለች፣ ማንም ሳያየኝ ተቀመጥኩበት። እግሬ ዱላው ላይ በልኩ አረፈ። ጀርባዬም ሳንቃው ላይ። እጄን ዘርግቼ ጠርዙን ስይዝ አልተንጠራራሁም። ብዙ ቆየሁ። መለኪያውን ከየት እንዳገኘኸው ነው የምጠይቅህ፤ ያን ጊዜ እንደለካኸኝ አላስታውስም።

ከመጣህ በጓሮ በኩል ግባ፤ በፊት በር በኩል የንቦቹ መብረሪያ መንገድ ነው። በማለዳ ይሻላል፣ ያኔ ሥራ ላይ ናቸው። ሽቶ አትቀባ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያ ጃኬት የለበሰው ልጅ ለምን ከሁሉ ይበልጥ እንደተነደፈ ጋሽ ሕዝቅያስን ጠይቄያቸው ነበር፤ ንብ ጥቁር አይወድም አሉኝ፣ ጥቁር ያየ እንደሆነ ጠላት መጣ ይላል። ሰይፈዲን ደግሞ ዓመቱ አልፎ እስካሁን ጥቁር እንደምትለብስ ነገረኝ። ሐዘንህ የራስህ ነው፤ ቀን የምቆርጥልህ እኔ አይደለሁም። የምናገረው ስለ ንቦቹ ነው። ወደ ጀልባዋ ስትቀርብ ግን በነጭ ሁን። ከሌለህም ግድ የለም፤ እኔ ጋ የታጠበ ነጠላ አለ።

ልትወስዳት ከወሰንክም ንቡ ሲወጣ አንድ ጊዜ መሀል ደርሰን እንመለሳለን። ሞተሩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ጠባይዋን ለምጃለሁ። የፊተኛው ወንበር ስለማይበቃህ ወለሉ ላይ ትቀመጣለህ።

መንገድህን አምላክ ይጥረግልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ የሞተችውን ያሳርፍልህ፤ ጉልበትህን ያበርታልህ።

አደራ ጠባቂህ